የአጎቴ በቅሎ ጀርባ

ጀርባ ማየት ሰልችቶኛል። የሰው አይደለም፣ የበቅሎ። ደባርቅ ላይ ጎህ ሲቀድ፣ ቱሪስቶቹ ሆቴል ውስጥ ቁርሳቸውን ሲበሉ፣ እኔ ተሰልፈው በሚጠብቁት በቅሎዎች መሀል እየዞርሁ መዳፌን ከጫንቃቸው እስከ ወገባቸው አሳልፋለሁ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። የሞቀና ያበጠ ቦታ ካገኘሁ ያቺ በቅሎ ዛሬ አትወጣም። ባለቤቷ ይረግመኛል፤ እኔም አልፈርድበትም።

ለዚህ የዳረገኝ ትምህርት ነው። ወጣት ሳለሁ ፈረስና በቅሎ እያከራየሁ ልኖር ቆርጬ ነበርና፣ የጋማ ከብት አያያዝ የሚያስተምሩ ሰዎች መጡ ሲባል ቀድሜ ተመዘገብሁ። ሰኮና መጥረብ፣ ጥርስ ማየት፣ ቁስል ማጠብ ተማርሁ። ከሁሉ የገረመኝ ከጭነት ስር የሚነጠፈው መደላድል ነው። እኛ አገር የበቅሎ ጀርባ ሲቆስል ቁስሉ ላይ ጨርቅ እንደርባለን፣ አጎዛ እንጨምራለን፤ ያዘንንላት ይመስለናል። ጫማው ውስጥ ጠጠር የገባበት ሰው ካልሲ እንደመደረብ ያለ ነው፤ ይብሱን ይጫናታል። ጭነቱ ቁስሉን እንዳይነካው መደላድሉን እዚያው ቦታ ላይ መቅደድ ነው የሚበጀው። ይህን ሳስረዳ ዕድሜዬ አለቀ። «ደህናውን መደላድል ቅደደው ትለኛለህ?» ይሉኛል። ዛሬም ይሉኛል።

የአከራዮች ማኅበር ስናቋቁም «የተማረው እሱ ነው» ብለው ተቆጣጣሪ አደረጉኝ። መረጡኝ ልበል ወይስ ጣሉብኝ? ማከራየቱ በተራ ነው። ተራው የበቅሎዋ ነው እንጂ የሰውየው አይደለም። ገጣባ ሆና ከተገኘች፣ ማለት የጭነት ቁስል ካለባት፣ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ትመለሳለች፤ ዳግመኛ ሳይደርሳት ክረምት ይገባና እንግዳው ይቀራል። ስለዚህ ሰዉ ቁስል ይደብቃል። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች» ቢሉ «በራሷ አሳጠረች» እንዲሉ፣ የደበቁት ቁስል ሰንብቶ በቅሎዋን ሙሉ ዓመት ያስተኛታል። ብነግራቸው ማን ይሰማኛል።

አንድ ዓመት የአጎቴ ተራ ደረሰ። አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ሲሞት ወስደው ያሳደጉኝ፣ ኮርቻ ላይ መጀመሪያ ያወጡኝም እሳቸው ናቸው። ሀብታቸው አንዲት ጥቁር በቅሎ ነበረች። ከመጫናቸው በፊት ሁልጊዜ ጆሮዋ ስር ያኳታል፣ እሷም ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ ታስደግፋለች። የዚያን ቀን መንገዱ በተራራው፣ በጊች አድርጎ እስከ መካነ ብርሃን ነበር፤ እንዲህ ያለ ረጅም ጉዞ ለሁሉም አይደርስም።

እጄን ጀርባዋ ላይ ሳሳርፍ መዳፌ ጥቁር ሆነ። ጥላሸት በቅቤ ለውሰው ቀብተዋታል። ከስሩ ይግላል። በቅሎዋ ቆዳዋን አርገፈገፈች እንጂ አልተራገጠችም።

«አጎቴ፣ ይቺ አትወጣም» አልኋቸው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ለስለስ ያለ አጎዛ ደርቤላታለሁ።»

«አጎዛው ነው የሚብስባት። የኔን በቅሎ ይውሰዱ፣ ይቺን እኔ ግቢ አስታምማታለሁ።»

ከኋላችን ያሉት አጉረመረሙ። «ተራው የበቅሎዋ ነው ያልኸን አንተ አይደለህም? ለዘመድ ሲሆን ይዞራል?» አለ አንዱ። እውነቱን ነው፤ እኔው ነበርሁ ያልኋቸው። አጎቴ ወደሱ ዞረው እንኳ አላዩም።

«ልጄ፣ ይህ ተራ ካለፈኝ የምሸጠው እሷኑ ነው። ሌላ ምን አለኝ?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ አፌን ያያል። የዚያን ቀን ባሳልፋት ከነገ ጀምሮ ገጣባ ሁሉ ሊወጣ ነው። «አትወጣም» አልሁ ደግሜ። አጎቴ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ልጓሟን ያዙ፣ ሳይቀመጡባት ጎን ለጎን እየሄዱ ወደ መንደራቸው ተመለሱ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አያዋጋም ይባላል፤ እኔ እንኳን ልዋጋ ማድረሱም አልሆነልኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዲስ የሰፋሁት መደላድልና የቁስል መድኃኒት ይዤ ሄድሁ። ጉረኖው ባዶ ነው። ዳባት ገበያ ወስደው ለአንድ የአዲ አርቃይ ነጋዴ ሸጠዋታል። ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ጠላ ቀድተው፣ ስለ ገብሱ አውርተው ሸኙኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደባርቅ ሲመጡ በኔ በኩል ማለፍ ተዉ።

በመከር ጊዜ ለሥራ በሊማሊሞ ቁልቁል አዲ አርቃይ ወረድሁ። እህል መጋዘን በር ላይ የሰሊጥ ጆንያ ከተጫኑት መሀል አንዷ ጥቁር ናት። አላመንሁም፤ ጠጋ ብዬ ጆሮዋ ስር አከክኋት። ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አስደገፈች። በጆንያው ስር እጄን ሰደድሁ፤ ቁስሉ አጥንት ደርሷል። ከላዩ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ደርበውባታል።

ነጋዴውን ሽጥልኝ አልሁት። «በመከር በቅሎ ይሸጣል እንዴ ወንድሜ?» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ጭነቷን አውርዶ አሳጠበኝ፣ ብርድ ልብሱንም እንዴት እንደሚቀደድ አሳየሁት። «ደህናውን ብርድ ልብስ!» አለና ሳቀ። ከመጋዘኑ ሳልርቅ መልሰው ሲጭኗት አየሁ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። እኔ ከእንግዳ ሻንጣ አዳንኋት፣ ለሰሊጥ ጆንያ።

አጎቴ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ፣ ከዚያ ወዲያ ባለው ቅዳሜ እኔ በቅሎዎቹ መሀል ቆሜ ሳለሁ መጡ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«አየኋት ብለሃል አሉ።»

«አዎ፣ አየኋት።»

«ጀርባዋስ?»

እጄ የሰው በቅሎ ጀርባ ላይ ነበር። አላነሳሁትም።

«ድኗል» አልኋቸው። «ጠጉር አብቅሏል።»

ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

«እንግዲያ ያን ቀን ልክ ነበርህ» አሉ። «እኔ እኮ ተቀይሜህ ነበር፤ ማረኝ ልጄ።»

«ግድ የለም አጎቴ» አልሁና ወደሚቀጥለዋ በቅሎ አለፍሁ።