ሜሮን ዛሬ እምቢ ያለችው ሥራ

«በጣም አመሰግናለሁ፤ ግን አልችልም» አለችው ሜሮን። ከፍሪስኮ ከተማ የመጣው የማስታወቂያ ድርጅት ሰውዬ ግራ ገባው። እኔ ክው አልኩ።

ኮሌጅ ውስጥ የማስታወቂያ ሥራ አስተምራለሁ። ዛሬ ተማሪዎቼ ሥራቸውን ለቀጣሪዎች አሳዩ፤ ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም የሥራ ልምምድ ዕድል፣ ያገኘችው ሜሮን ብቻ ነበረች።

ፓርኪንግ ድረስ ተከተልኳት። «ምነው ሜሪዬ?»

«ቲቸር፣ አባዬን ስትሮክ መታው። ማሚ ዌርሃውስ ሥራ ስትገባ እሱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ስኩልም ድሮፕ ላደርግ ነው።»

ሰው ማሳመን አስተምራለሁ እኮ! እሷን ግን ላሳምን አልሞከርኩም።

ለቀጣሪዎቹ ያሳየችውን ፖስተር መኪናዋ ውስጥ አብረን ጫንን። «አባዬ ይየው፤ ደስ ይለዋል» ብላ እያለቀሰች ሄደች።

እኔ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ለቤተሰብ ብላችሁ ትምህርት አቋርጣችሁ፣ በኋላ የተመለሳችሁ አላችሁ? እስቲ ጻፉልኝ፤ ለሜሮን አነብላታለሁ።