ባሻ ዘለቀ የዘለሉት ቃል

ከደብረ ብርሃን መነሻ

በኅዳር ወር፣ ውርጩ ሜዳውን አንጥቶት ሳለ፣ በኪራይ በቅሎ ወደ አንኮበር ተነሣሁ። የደርሶ መልስ ኪራዩ አራት ብር ነው። ባለበቅሎው «ዲያቆን ባትሆን አምስት ነበር፤ በል በጸሎትህ አስበኝ» አለኝ።

የሄድኩት ለአንድ ሰው ስል ነው። የአንኮበሩ ቄስ መምሬ ጥላሁን በገበያተኛ አፍ «ለንግሡ መጥተህ ስበክልን፤ ባሻ ዘለቀ ከፋሲካ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልረገጡም፤ እኛ አቅቶናል» ብለው ልከውብኝ ነበር። ባሻ ዘለቀ ዳዊትን በቃላቸው የሚደግሙ ሽማግሌ ናቸው። ለምን እንደ ቀሩ ለማንም አልተናገሩም። ግማሹ ሰው ተቀይመው ነው ይላል፤ ግማሹም ሃይማኖታቸውን ለውጠው ነው እያለ ያማቸዋል።

ስብከት ይሆንልኛል፤ ለምን እዋሻለሁ? መልሼ አመጣቸዋለሁ ብዬ አንድ ሣጥን መጽሐፍ በበቅሎዋ ላይ ጫንኩና እኔ በእግሬ ተከተልኳት።

መንገድ ላይ

ሜዳው ገብስና በግ ብቻ ነው፤ ነፋሱ ጋቢ ይገፍፋል። ቀትር ላይ ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ አንድ ነጋዴ ደረሰብኝና ሣጥኑን አየ።

«ምንድን ነው የጫንከው?»

«መጽሐፍ።»

«እኔ ደግሞ ጨው መስሎኝ ለበቅሎዋ አዘንኩላት!» ብሎ ሳቀ። ዳቦዬን ተካፍለን በላን። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንለያይ «አላህ ያቅናልህ» አለኝ። ከእግራችን በታች ጉሙ ቆላውን ሸፍኖት ነበር።

አንኮበር

በንግሡ ዕለት ሰበክሁ። እልልታው ቀለጠ፤ ደስ አለኝ። ባሻ ዘለቀ ግን አልመጡም። መምሬ ጥላሁን ጠላ እየቀዱልኝ እንዲህ አሉኝ፦

«ስብከትህ ማር ነው። የሰማነው ግን ድሮም የማንቀረው ነን። እሳቸው ቤት ሂድ። ክርክር አታንሣ፤ አብረሃቸው ጸልይ።»

ምክሩን ሰማሁ፤ ግን ልማድ አይለቅም። ባሻ ቤት ገብቼ ገና ቆሎ ሳይቀርብልኝ ስለ ጠፋው በግ ጀመርኩ። ባሻ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና «ጥሩ ትናገራለህ፤ በል ቆሎ ብላ» አሉኝ። እፍረት ተሰማኝና ቆሎዬን ቆረጠምኩ፤ እዚያው አደርኩ።

ሲነጋ «ባሻ፣ ዳዊት አብረን እንድገም» አልኳቸው። ፊታቸው ፈካ። ተነሥተው ቆሙ፤ እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። የመጀመሪያውን መዝሙር በዚያ ጎርናና ድምፃቸው ጀመሩት። ወዲያው አንድ ቃል ላይ ሲደርሱ ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው አለፉት። ሳል ያዛቸው መሰለኝ። መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል ያው ቃል ተመልሶ መጣ፤ አሁንም ዘለሉት። የጠፋባቸው መስሎኝ እንደ ተማሪ ቤት ልማዴ «ረሲዓን» ብዬ አቀበልኳቸው።

ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እሱስ አልጠፋኝም፤ የኔ ስም ነው» አሉ። «ከዐቢይ ጾም ወዲህ ሌላ ሌላው ቃል ከአፌ እየጠፋ ነው። የልጅ ልጄን ስም እንኳ እረሳለሁ። ረሲዓን አይነሡም ይላል፤ ረሺዎች ትንሣኤ የላቸውም ማለት አይደል? ታዲያ እኔ ረሺው ምን ልሆን ደጁን ልርገጥ?»

ሰው ተቀይመዋል እያለ ሲያማቸው፣ እኚህ ሽማግሌ ትንሣኤ የለኝም ብለው ለብቻቸው ሲሰጉ ከርመዋል። ሣጥኑን መክፈት አላስፈለገኝም፤ መምህሬ ዳዊትን ሲተረጉሙ እዚህ ቃል ላይ ብዙ አቆይተውናል።

«ባሻ፣ ግእዙ ካማርኛው ጋር ስለሚመሳሰል ነው ያሳሳተዎት። ረሲዕ እያወቀ፣ ወዶ፣ እግዚአብሔርን የተወ ክፉ ሰው ነው። እርስዎን ያደከመዎት እርጅና ነው።»

«ከራስህ አይደለም?»

«ከመምህሬ ነው፤ እሳቸውም ከመምህራቸው።»

«እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። ዐይናቸው እንባ ሞላ። «ነገ ይህንንም ብረሳውስ?»

ጓዳ ሆነው ሲሰሙ የነበሩት ባለቤታቸው ብቅ አሉና «እኔ ምን ልሠራ ነው ያለሁት? አስታውስዎታለሁ» አሏቸው።

በማግስቱ ጠዋት ባሻ ዘለቀ ነጠላቸውን አጣፍተው ከባለቤታቸው ጋር ቅጽሩን ገቡ። መምሬ ጥላሁን ወጥተው መስቀላቸውን አሳለሟቸው።

መመለሻ

አቀበቱን ስወጣ በቅሎዋም እኔም አለከለክን፤ ልቤ ግን ቀሎኝ ነበር። መጽሐፉን ባልማር ለባሻ መልስ አይኖረኝም ነበር፤ አብሬያቸው ቆሜ ባልጸልይ ደግሞ ጥያቄያቸውን ሳልሰማ እመለስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስገባ ስብከት አልጀምርም፤ መጀመሪያ አብሬ እጸልያለሁ።

ማታ ደብረ ብርሃን ስገባ ሚስቴ እሳት አንድዳ ጠበቀችኝ። ሁሉን ነገርኳት።

«ባሻ ሲሸኙህስ ምን አሉህ?» አለችኝ።

«እጄን ይዘው ‹ስምህ ማን ነበር?› አሉኝ። ስነግራቸው በሳቅ ፈነዱና ‹እንግዲህ ረሳሁ እንጂ ረሲዕ አይደለሁም!› አሉኝ።»