ክሩን የሚጠቀልለው እጅ

ያ ሐሙስ የተለየ ነገር አልነበረውም። ዝናብ ነበር፤ አምቦ ክረምት ከገባ ሁልጊዜ ዝናብ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቶ ጓዳውን ይዞብን ነበር። ክዳን ያለው ሰፊ ሳህን፣ በሳህኑ ውስጥ እርጥብ ወረቀት፣ በወረቀቱ ላይ ደግሞ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ የሆነ ዝልግልግ ነገር። ሕይወት አለው። አጃ ሲበተንለት ቀስ እያለ ሄዶ ይበላል። ወንድሜ «ዝልግልግ ሻጋታ» ይለዋል። እናታችን ግን ሌላ ስም አውጥታለት ነበር።

«ንፍጥህ ምሳ በላ?»

«ከኔ በፊት በላ፣ እማዬ።»

የመመረቂያ ጥናቱ በሱ ላይ ነበር። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ሴል፣ ማይቶኮንድሪያ፣ ዲኤንኤ የሚሉትን ቃላት ሰምቻለሁ፤ ገብተውኛል ግን አልልም። እሱ በእናታችን ፈትል አስረዳኝ። ማይቶኮንድሪያ በሴል ውስጥ ያሉ፣ ለሴሉ ጉልበት የሚሰጡ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። የራሳቸው ዲኤንኤ አላቸው፤ ረጅም ክር ነው። ጠቅልለው፣ ሰብስበው የሚይዙት ፕሮቲኖች ናቸው።

«ልቃቂት አታውቅም? በቃ፣ ልቃቂት ነው። እኔ የምፈልገው የሚጠቀልለውን እጅ ነው።»

«ንፍጥ ውስጥ ለምን ትፈልገዋለህ፣ ጋሼ?»

«የሱ ልቃቂት ትልቅ ነዋ። በማይክሮስኮፕ ይታያል። ያንተን ማን ያየዋል!»

ከዚያ ይሄ ክር በሰው ዘንድ ከአባት እንደማይወረስ ነገረኝ። ከእናት ብቻ ነው። እኔና እሱ ያለን አንድ ክር ነው።

እናታችን በሩ ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። የሰማችው «ክሩ ከእናት ነው የሚመጣው» ያለውን ብቻ ነው። እንዝርቷን አስቀመጠች። ወንድሜ ማተቡን ከፈታ ቆይቷል፤ ተማሪ ማተብ አስሮ ሲታይ የሚሳቅበት ጊዜ ነበር። እሷ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተናግራው አታውቅም። አሁን ግን ማተብ እሰሪልኝ የሚላት መሰላት።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ» አለችው። ሆዷ ሲባባ ወደ ኦሮምኛ ትሄዳለች። «ይህን ለመናገር ይህን ያህል ጊዜ?»

ከፈተለችው ቆርጣ፣ ገምዳ፣ አንገቱ ላይ አሰረችለት። እኔ ላርማት አፌን ስከፍት እግሬን ረገጠኝ። አንገቱን ዝቅ አድርጎላት ነበር።

«ልታንቂኝ ነው እንዴ?»

«ዝም በል። እንዳይፈታ ነው።»

በማግስቱ በሸነን በኩል ወዳለው ጫካ ሄደ። ከበሰበሰ ግንድ ላይ ሌላ ዓይነት ሊፈልግ ነበር። ሲወጣ «ወረቀቱ እንዳይደርቅ፣ አደራ» አለኝ።

«ከደረቀ ይሞታል?»

«ቅርፊት ሆኖ ይተኛል። ውሃ ሲያገኝ ይነሣል። አንተ ግን እንዳትሞክረው፤ ጥናቴ ነው!» ብሎ ሳቀ።

የተሳፈረበት የጭነት መኪና ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ከሰዓት በኋላ አመጡት። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። የገነዙት ሰዎች ማተቡ አንገቱ ላይ እንዳለ ለእናቴ ነገሯት። «እኔ ነኝ ያሰርኩለት» አለች። ደጋግማ አለችው።

ሲነጋ፣ ከቀብሩ በፊት፣ ከድንኳኑ ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ለለቀስተኛው ምግብ ሲበስል ስላደረ ጓዳው ሞቋል። ሳህኑን ለቦታ ብለው ወደ ጥግ ገፍተውታል፤ ክዳኑ የለም። ወረቀቱ ደርቋል። ቢጫው ነገር ጠርዙ ላይ ተሰብስቦ ጠንክሯል።

በጣሳ ውሃ አመጣሁ። በእጄ ረጨሁበት። አጃ በተንኩለት። ቁጭ ብዬ አየሁት። አልተነቃነቀም። ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት አልነገረኝም ነበር።

እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ጣለው የምትለኝ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይሄስ» አለች፣ «ይሄስ እናት አለው?»

አላውቅም አልኳት። እሱን ነበር መጠየቅ።

ጣሳውን ከእጄ ተቀብላ፣ በጣቶቿ ትንሽ ውሃ ጨመረችለት።