ለሁለት ወንበርና ለአንድ በርጩማ

አዳማ ላይ ከቀትር በኋላ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከጎረቤት ተጣልቷል። እትዬ ዘርፉ ሁለቱም አይደሉም። ስለዚህ አንዲት ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ይዘው በጓሯቸው ውስጥ ጥላ ሲከተሉ ይውላሉ። ጠዋት ከአጥሩ ሥር፣ እኩለ ቀን ላይ ከኒሟ ዛፍ ሥር፣ ወደ ማታ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ናቸው። ጎረቤታቸው ስለሆንኩ ለምሳ ስመጣ በአጥሩ ላይ አያቸዋለሁ። ወንበሯ ሁልጊዜ ጥላ ውስጥ አለች፤ እሳቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንበሯ ላይ የሉም። ገና ጎናቸውን ሲያሳርፉ አንድ ሰው በሩን ያንኳኳል።

በሙሽርነት ከመንዝ ወርደው እዚህ ከተማ ሲገቡ ገና ልጅ ነበሩ። ባለቤታቸው ኃይለየሱስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና፣ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ የኖረ ሰው ነው። እሳቸው ደግሞ በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ቆመው አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከሥራ ሲመለሱም የሚጠብቃቸው ሌላ ሥራ ነበር። ቤታቸው ከዋናው መንገድ ብዙም ስለማይርቅ፣ ከደጋ ወርዶ ቁልቢ የሚሳለም፣ ድሬዳዋ የሚነግድ፣ ሶደሬ ፍል ውሃ የሚነከር ዘመድ ሁሉ እሳቸው ጋ ሳያርፍ አያልፍም። እንግዳው ገብቶ ሲቀመጥ «ዘርፉ የት አለች?» ይላል። መልሱን እኔ እንኳን ከአጥሩ ማዶ ሆኜ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ጓዳ ናት፣ ውሃ ልትቀዳ ወጣች፣ መጣች መጣች። ተቀምጣለች ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

አሁን እግራቸው ያብጣል። ሐኪሙ ከፍ አድርገው ያሳርፉት ብሏቸዋል። ሐኪም እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያዝ ቀላል ይመስለዋል።

የካቲት መጨረሻ ላይ ሱቄ መጡ። የግንባታ ዕቃ ነው የምሸጠው። የሲሚንቶው ቁልል ላይ እጃቸውን ደግፈው ትንሽ ተነፈሱና፣ «አብዱናሲር፣ ጓሮዬ ውስጥ ለሁለት ወንበርና ለአንድ በርጩማ የምትሆን ሲሚንቶ ላስፈስስ ነው» አሉኝ።

«ሁለተኛው ወንበር ለማን ነው፣ እትዬ?»

«ለሚያወራኝ ሰው። በርጩማው ለእግሬ ነው።»

ሰፈራችን አፈሩ ዱቄት ነው። የወንበር እግር ይውጣል፣ ነፋስ ሲነሳ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ጫማ ያወልቃል። ስለዚህ የጠየቁት ነገር ቅንጦት አልነበረም። በዚያው ሳምንት ምሳዬን እየተውኩ ሄጄ አብረን አቀድን። ጥላው በየሰዓቱ የሚደርስበት ቦታ ላይ ድንጋይ እናስቀምጥ ነበር። የኒሟና የቤቱ ጥላ የሚቀባበሉባት አንዲት ቦታ አገኘን፤ ከረፋድ እስከ ማታ ፀሐይ አያገኛትም ማለት ይቻላል። ሲሚንቶ ፀሐይ ሲመታው ከዋለ ማታ ሙቀቱን መልሶ ይሰጣልና ከዚያች ጥላ እንዳይወጣ ተስማማን። ዛፏ ውሃ እንድታገኝ ዙሪያዋን አፈር ተውንላት። የዝናቡ ውሃ ወደ ፓፓያው እንዲሄድ ትንሽ ዘንበል ይላል።

ላዩን ሊሾ እናድርገው ስላቸው አልተቀበሉኝም።

«ማጠቢያ ክፍሉ ሊሾ ነበር፤ ስንቴ ወድቄበታለሁ። በመጥረጊያ ሻከር ይበል» አሉ።

በእንጨት ጫፍ መሬቱ ላይ አሰመሩት። ስታዩት የአንድ አልጋ ስፋት ቢሆን ነው። ከዚያ ወንበራቸውን መሐሉ ላይ አድርገው ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰው ሲያርፍ ማየት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

እሑድ ልጃቸው ቢኒያም ከዱከም መጣ። ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ እናቱንም ይወዳል። ችግሩ የሚወደውን ነገር ሁሉ ማስፋት መፈለጉ ነው።

«እማዬ፣ ይቺ ምን ትሠራልሻለች? ከተሠራ አይቀር ጓሮው በሙሉ ይሠራ። እኔ አለሁ አይደል?»

«ትበቃኛለች ልጄ።»

«እንግዳ ሲመጣስ? የሊዲ መልስ ደግሞ የት ሊደገስ ነው?»

ሊዲ ታናሽ እህቱ ናት፣ ቢሾፍቱ ትሠራለች፤ እጮኛ እንዳላት ያን ዕለት ነው የሰማሁት። እትዬ ዘርፉ ለልጃቸው ወንበር ሊያመጡ ገቡ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ቢኒያም የእድራችንን ንብረት ኃላፊ ጋሽ ደገፋን አስጠራ። ጋሽ ደገፋ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ሰፈራችን ውስጥ ጓሮውን ሲሚንቶ የሚያደርግ ሰው ሁሉ እሳቸውን ሳያማክር አያስፈስስም። ሲሚንቶ ላይ ካስማ አይተከልማ። ስለዚህ የድንኳኑ ቋሚዎች የሚቆሙበት ቱቦ አስቀድሞ ይቀበራል፣ አፉም በክዳን ይዘጋል። እኔ ራሴ ቱቦውን ስንት ሰው ቤት እንዲቀበር ሸጫለሁ፤ አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም።

ጋሽ ደገፋ ጓሮውን በእርምጃ ለኩ። ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ቀና ብለው ኒሟን አዩ።

«ድንኳኑ ይገባል። ይቺ ዛፍ ናት የምታስቸግረው» አሉ።

«ትቆረጣለች» አለ ቢኒያም።

«ሴቶቹ በዚህ በኩል ይቀመጣሉ፣ ወንዶቹ እዚያ። ንፍሮውና ሻዩ ከጓዳ በቀጥታ ይወጣል። በጣም ጥሩ ግቢ ነው።»

ስለ ንፍሮ ሲነሳ የሰርግ ወሬ አለመሆኑ ገባኝ። ልጅቷ ቢሾፍቱ ናት፣ ልጁ ዱከም ነው፤ እዚህ ቤት የሚኖረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ ደገፋም ቢኒያምም ክፋት የላቸውም፣ ልማድ ነው። ሁላችንም ተቀምጠን ነበር፤ የግቢው ባለቤት እትዬ ዘርፉ ውሃና ብርጭቆ ይዘው አጠገባችን ቆመዋል። የድንኳኑን ነገር አንድ በአንድ ሰሙት። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ድካም ብቻ ነበር። እኔ ተናደድኩ። ሁለቱ ሲወጡ «እትዬ፣ ምነው ዝም አሉ?» ብላቸው፣ «ልጄ እኮ ለእኔ ብሎ ነው። ከእሱ ጋር ለመከራከር አቅሙም የለኝ» አሉኝና ብርጭቆዎቹን ሰብስበው ገቡ።

ከፋሲካ በፊት አሸዋውና ጠጠሩ ተራገፈ። ፀሐይ ሳይበረታ እንዲፈስ ሠራተኞቹ በማለዳ መጡ። ግንበኛው ሆራ የሚባል የወንጂ ሰው ነው። በጓሮው ዙሪያ ሲባጎ ወጠረ፤ የእትዬ ዘርፉ መስመር ከነድንጋዮቹ በአካፋ ተጠርጓል። ጋሽ ደገፋ ቱቦዎቻቸውን ይዘው ደርሰዋል። አንዱ ሠራተኛ መጥረቢያ ይዞ ወደ ኒሟ ሲሄድ እትዬ ዘርፉ ሰማያዊዋን ወንበር ይዘው ወጡ። ዛፏ ሥር አስቀመጧትና ተቀመጡ።

«አካም ቡልተን፣ እማማ» አለ ሆራ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ለማለት፣ ግራ ገብቶት። «ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን።»

«አልፈቀቅም ልጄ።»

ቢኒያም መጥቶ ፊታቸው በርከክ አለ። «እማዬ፣ ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። ተነሺ እንጂ።»

«ደክሞኛል» አሉት። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ቢኒያም፣ ይሄ የምትሠሩት የለቅሶዬ ቤት ነው። አውቃለሁ፣ ሰው እንዳይጉላላ ብለህ ነው። እኔ ስሞት ሰው መንገድ ላይ ይቀመጥ። ጋሽ ደገፋ፣ ድንኳኑን አስፋልቱ ዳር ይትከሉት፤ የእኔ ሬሳ አይቀየምም። ለሚመጣው ሰው ሁሉ ወንበር ሳወጣ ኖሬያለሁ። ለሞቴም መቀመጫ አዘጋጅቼ ልሙት? እኔ ዛሬ ነው መቀመጥ የምፈልገው።»

ቢኒያም ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የእናቱን ያበጠ እግር ልክ ያን ጊዜ ያየው ይመስል አጎንብሶ ቆየ። በመጨረሻ ተነስቶ ሲባጎውን ራሱ ጠቀለለ።

«የቱ ጋ ነበር መስመርሽ?» አላቸው።

ድንጋዮቹን እኔ መለስኩ፤ ቦታቸውን አውቀዋለሁና። ጋሽ ደገፋ ቱቦዎቻቸውን ታቅፈው፣ «አስፋልቱ ዳርማ ነፋስ አለው» ብለው ሄዱ። ሥራው ፀሐይ ሳይከር አለቀ። ሆራ ላዩን በመጥረጊያ አሻከረው። ከዚያ በኋላ እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ጆንያ አለበስነው፤ ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ከእኔም ቤት በጀሪካን እየወሰድኩ አጠጣሁ። በዚያ ሁሉ ቀን እትዬ ዘርፉ ከግድግዳው ሥር ቆመው ያዩት ነበር። ጨርሶ እስኪደርቅ አንድ እግራቸውንም አላሳረፉበትም።

የተቀመጡበት ዕለት ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሁለተኛው ወንበር ላይ እኔ አለሁ። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን በርጩማው ላይ ሰቀሉ። ኒሟ ትንሽ ትወዛወዛለች። ብዙም አላወራንም፤ እሳቸው የሚያወራቸው ሰው ቢፈልጉም ድካሙ ገና ከላያቸው አልወጣም ነበር።

በሩ ተንኳኳ።

እግራቸው ከበርጩማው ወረደ። እጃቸው የወንበሩን ክንድ ያዘ፣ ወገባቸው ቀና አለ፤ ይኼን ሁሉ ሳያስቡት ነው ያደረጉት። እኔም ያው ሊሆን ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ትንሽ እንደዚያ ቆዩ። ከዚያ አንዱን እግር፣ ቀጥሎም ሌላውን መልሰው በርጩማው ላይ አደረጉ።

«አብዱናሲር፣ እስቲ አንተ ክፈትልኝ» አሉኝ።

ከደብረ ብርሃን የመጡ ዘመዶቻቸው ናቸው፣ ሶደሬ ሊነከሩ። ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ ቦርሳቸውን እያወረዱ ገቡ። ከሁሉ በዕድሜ የገፉት ሴትዮ ወደ ጓዳው አንገታቸውን አስግገው፣ «ዘርፉ የት አለች?» አሉ።

«ተቀምጠዋል» አልኳቸው።

ሴትዮዋ ደነገጡ። «ምነው፣ አመማት እንዴ?»