ተናዶ የሚነክስ ዓሣ

ያን ቀን ድሬ ላይ ነፋስ ነበር። የደጋው ዓይነት ነፋስ አይደለም፤ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ዘግኖ ሰው ዓይን ውስጥ የሚበትን፣ ምድጃ አፍ ላይ የቆሙ የሚያስመስል ትኩስ ነፋስ ነው። ቀፊራ ገበያ ውስጥ የነጋዴው ሸራ ሁሉ ይርገበገባል። ሽታዬ በአንድ እጇ ዘንቢሏን፣ በሌላው ሊበርባት የሚታገላትን ነጠላዋን ይዛ በሽንኩርት ተራ ስታልፍ፣ የውስጥ ጉርዷ ከወገቧ ላይ ላላ አለ። መጀመሪያ ዳሌዋ ላይ ቆመ፤ ቀጥሎ ጉልበቷ ላይ ደረሰ። ዘንቢሉን ብትለቅ ቲማቲሙ ይፈርጣል፣ ነጠላውን ብትለቅ ነፋሱ ጂቡቲ ያደርሰዋል። ጉርዱ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሲያርፍ እግሮቿን አንድ በአንድ አወጣችና ምንም እንዳልሆነ ሰው መንገዷን ቀጠለች።

«እቴ! ኧረ እቴ! ልብስሽ ወደቀ!» አለች ሽንኩርት ሻጯ።

«የኔ አይደለም» አለች ሽታዬ፣ ዞር ሳትል።

«አሁን ካንቺ ላይ ሲወድቅ አይቼ!»

«ነፋስ ያመጣው ይሆናል።»

ለገሃሬ ቤቷ ስትደርስ ባሏ ወልደማርያም ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ አንድ ላስቲክ በፒንሳ ይዞ እየለጠጠ ይለቃል፣ እየለጠጠ ይለቃል። ላስቲኩን አወቀችው፤ የጉርዷ ነው።

«በሱ ፋንታ ሲባጎ አስገብቼልሻለሁ እኮ» አለ ቀና ብሎ። «አላየሽውም?»

«አየሁት። ሰውም አየው።»

ሽታዬ የምትቆጣ ሴት አልነበረችም። ከአራተኛ ክፍል አስወጥተው ሲድሯት አልተቆጣችም። ወልደማርያም ንብ አረባለሁ ብሎ ንቦቹ ጎረቤቱን ሲያባርሩም አልተቆጣችም። መቆጣት ጉልበት ይፈጃል፤ ጉልበት ደግሞ ለልብስ አጠባ ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን ክፉ ሰው አይደለም። በባቡሩ መጠገኛ በያጅ ነው፤ አይሰክርም፣ እጁን አያነሳም። ብቻ አንድ ሐሳብ ጭንቅላቱ ውስጥ በገባ ቁጥር ከቤት ዕቃ ይጎድላል።

የዚህኛውን ሐሳብ ያመጣው አንድ አሜሪካዊ ነው። ሐሮማያ ላይ እርሻ ከሚያስተምሩት አንዱ መኪናው ድሬ ላይ ተበላሽቶበት፣ ወልደማርያም በየደለት። ሰውየው ከምስጋናው ጋር ስለ አገሩ ዓሣ፣ ግማሹን በእጁ ግማሹን በአፉ አወራለት። ኮካኒ ይባላል፤ ቀይ ነው፤ ከቀዝቃዛ ሐይቅ ጥልቅ ውስጥ ይኖራል። የሚያዘው ከዳር ተቀምጦ አይደለም፤ ጀልባው በዝግታ እየሄደ ከኋላው በሚጎተት ክር ነው። ክሩ ላይ ወደ ታች የሚያሰምጠው ክብደት ይታሰራል፣ ከዚያ የሚያብለጨልጭ ብረት፣ ከሱ ኋላ በቆሎ የተሰካበት መንጠቆ። የዓሣው ከንፈር ስስ ስለሆነ እንዳይቀደድ መሐሉ ላይ ላስቲክ ይገባል።

«ደግሞ የሚነክሰው ርቦት አይደለም» አለ ወልደማርያም፣ ዓይኑ እያበራ። «ያ የሚያብለጨልጭ ነገር ፊቱ ላይ ሲመላለስበት ተናዶ ነው። ዋናው ጥበብ ማናደድ ነው!»

«እንግዲያው አንተ ራስህ ሐይቁ ውስጥ ግባ» አለች ሽታዬ። «መንጠቆ ምን ያደርግልሃል?»

ለክብደት የሐዲድ ዳዶ አገኘ። የሚያብለጨልጨው ብረት የሽታዬ ማንኪያ ሆነ፤ እናቷ ለሠርጓ ከሰጠቻት መካከል የቀረው አንዱ ነበር፣ እጀታውን ቆርጦ ጫፍና ጫፉን በሳው። ከዚያ ልምምድ ተጀመረ። ሐሮማያ ሩቅ ነው፣ ደቻቱ ደግሞ ደረቅ ነው፤ ስለዚህ በደረቁ ደቻቱ ላይ ማንኪያውን በአሸዋ እየጎተተ ይሄድ ጀመር። እንደ አሮጊት መራመድ አለበት፣ ከዚያ አይፈጥንም። ከኋላው የሽታዬ ፍየል መንጠቆው ላይ ያለውን በቆሎ አይታ ትከተላለች። ሰውዬው፣ ዳዶው፣ ማንኪያው፣ ፍየሏ በተርታ ሆነው ሲያልፉ ከተማው ድልድዩ ላይ ቆሞ አየ።

ፋራህ፣ ጥግ ላይ ሱቅ ያለው ጎረቤታቸው፣ በሳቅ ሆዱን ይዞ ወጣ።

«ወሪያ ወልዴ! ፍየል እያጠመድክ ነው?»

«ሳቅ! ከሐሮማያ ዓሣ ሳወጣ ደግሞ ታለቅሳለህ።»

«አንተ? አቦ ተወኝ! እስከ እሑድ ከሐሮማያ ዓሣ አውጥተህ ካላበላኸኝ ይቺን ፍየል እበላታለሁ።»

«ብላት!» አለ ወልደማርያም፣ ሰው ፊት ስለነበረ።

ፍየሏ የሱ አልነበረችም። ሽታዬ በግልገልነቷ አምጥታ በጡጦ ያሳደገቻት ናት፤ የልጆቹ ሻይ ውስጥ የሚገባው ወተት የሷ ነው። ወሬውን ሽታዬ የሰማችው ከፋራህ ነው፤ ማታ ጨው ልትገዛ ብትሄድ «ፍየልሽ ጥብስ ይሻላታል ቅቅል?» አላት። ጨውዋን ይዛ ወጣች። እሑድ ጠዋት ግን ጫማዋን አጥልቃ በሩ ላይ ቆመች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለ ወልደማርያም።

«ዓሣ ላናድድ።»

ሦስቱም፣ ፋራህ ለምስክርነት ተጨምሮ፣ በጭነት መኪና ዳገቱን ወጡ። ሐሮማያ ይበርዳል፤ የድሬ ሰው እዚያ ሲደርስ ትከሻው ጆሮው ጋ ይደርሳል። ጀልባ የተባለው ኑርቶ የሚባል የአካባቢው ገበሬ በባዶ በርሜሎች ላይ ሳንቃ አስሮ የሠራው ነገር ነው። ኑርቶ ጫቱን ቆርጦ ለገበያ መኪና ማድረስ ስላለበት ችኩል ነበር፤ ሰው እንደሚያባርረው ሆኖ ይቀዝፋል። ማንኪያው ወደ ጥልቁ መስመጡ ቀርቶ ውኃው ላይ እየዘለለ ተከተላቸው።

«ቀስ በል!» ይላል ወልደማርያም። «እንደ አሮጊት!»

«አሮጊት ጫት የላትም!» ይላል ኑርቶ።

አንዴ ዞሩ፣ ሁለቴ ዞሩ። ምንም የለም። ፋራህ ሳንቃው ላይ ተንጋሎ «ጉበቷን በሎሚ ነው የምወደው» አለ።

ሽታዬ ያን ጊዜ አፏን ከፈተች። የትኛው ቃል መጀመሪያ እንደወጣ እሷም አታውቅም። በንቦቹ ጀመረች፤ ወደ ማንኪያው ሄደች፤ ከማንኪያው ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ አራተኛ ክፍል ተመለሰች። የዓመታት ንዴት ነው፣ በአንድ ጊዜ ነው የወጣው።

«ይገርምሃል ኑርቶ፣ ይኼ ሰውዬ...» ስትል ኑርቶ ለመስማት ቀዘፋውን ያዝ ያደርጋል፤ ማንኪያው ይሰምጣል። «ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው?» ስትል ኑርቶ እየዞረ ሊያያት ጀልባው ይጣመማል፤ ማንኪያው ወደ ጎን ይዋኛል። ወልደማርያም ሚስቱ ስለ እሱ የምትለውን አይሰማም፤ ክሩን ብቻ ያያል።

«ከዚያ ቀፊራ መሐል፣ ሽንኩርት ተራ፣ በዚያ ነፋስ፣ ጉርዴ ከወገቤ...»

ኑርቶ መቅዘፊያውን አቆመ። አፉ ተከፈተ። ማንኪያው ወደ ታች፣ ወደ ታች ወረደ።

«ወደቀ?» አለ ፋራህ፣ ቀና ብሎ።

«ወደቀ! የኔ አይደለም ብዬ ሄድኩ!»

ኑርቶ በሳቅ ፈነዳና በሙሉ ጉልበቱ ቀዘፈ። ማንኪያው ከሥር ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ አንድ ነገርም ተከትሎት ነከሰ። ክሩ የወልደማርያምን መዳፍ ላጠው። የሽታዬ ላስቲክ ተለጠጠ፣ ተለጠጠ፣ አልተበጠሰም። ሽታዬ ሳታስበው የባሏን ቀበቶ ይዛ ወደ ኋላ ሳበች። «በርታ አንተ ሰውዬ! ፍየሌን!»

የወጣው ቀይ አልነበረም። ጥቁር፣ አፈ ሰፊ፣ ረጅም ጢም ያለው አምባዛ ነው።

«ይኼ ዓሣ አይደለም» አለ ፋራህ ወደ ኋላ እያለ። «አጎቴ ዋበሪ ነው።»

ዳር ላይ እሳት ነደደ። ወልደማርያም ግን ዓሣውን እያገላበጠ ፊቱ ጠቆረ። «ቅርፊት የለውም፤ ቅርፊት የሌለውን እኛ አንበላም። ይኼን ሁሉ ለፍቼ!»

«የማይበላ ነገር ይዘህ ውርርድ አሸነፍኩ ልትል ነው?» አለ ፋራህ ደስ ብሎት። «ፍየሏ...»

«ውርርዱ ምን ነበር?» አለች ሽታዬ። ድምፅዋ አሁን እንደ ድሮው ዝግ ያለ ነው። «እሱ ይብላ አላልክም። ካላበላኸኝ ነው ያልከው። አንተ ደግሞ ቅርፊት አትቆጥርም። ብላ።»

ፋራህ የተጠበሰውን ዓሣ አየ፣ ዓሣው በጢሙ ፋራህን አየ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። ሁለተኛውን ዓይኑን ገልጦ በላ። ከዚያ ሎሚ ጠየቀ። አጥንቱ ብቻ ሲቀር «አጎቴ ጣፋጭ ሰው ነበር ለካ» አለ።

ወልደማርያም ዓሣውን ያስነከሰው የማንኪያው አቆራረጥ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ይናገራል። ሽታዬ አትከራከረውም፤ ላስቲኩን ብቻ የዚያኑ ማታ አጥባ ሌላ ጉርዷ ውስጥ አስገባችው፣ ጥቂት ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ያቺ ሽንኩርት ሻጭ ግን ጉርዱን ሽንኩርቷን እያለበሰችበት ነው፤ ሽታዬ ባለፈች ቁጥር «ባለቤቱ እስኪመጣ ነው» ትላታለች፣ ሽታዬም «ደግ አደረግሽ» ብላ ታልፋለች።

ሽታዬ አሁንም ለገሃሬ እዚያው ቤት ናት፤ ጠዋት ጠዋት የዚያችን ፍየል ልጅ ታልባለች።