በጋቢ የተጋረደ ቁርስ

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ጥቁር ሰሌዳ ነው። ሰፊ ነው፤ የጠመኔ ማስቀመጫው እንኳ አልተነቀለም። ከሥሩ እስረኞች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። የሽንት ባልዲው ጥግ ላይ ነበር። ጎንደርን ለዓመታት ስዘግብ ወደዚህ ግቢ ገብቼ አላውቅም። የያዙኝ ሰዎች የአንድ ዜና ምንጭ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አልነገርኳቸውም፤ አመጡኝ።

«ግባ፣ ግባ። አሥረኛ ክፍል ደርሰሃል» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ ቤቱ የካቶሊክ አባቶች ያቋቋሙት የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኖሯል። ሽማግሌው እዚሁ ክፍል ተምረው እዚሁ አስተምረዋል። በደርግ ጊዜ ተወረሰና መጋዘን ሆነ። በኋላ ደግሞ እኛ ገባንበት።

መጠየቅ ልማዴ ነውና ተማሪዎቹ ከየት ይመጡ እንደነበር ጠየቅኳቸው።

«ከወገራም፣ ከእንፍራንዝም። አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ ልጆች ናቸው። ወላጆቻቸው ልጃችን ኮተለከ እንዳይባል ይፈሩ ነበር። ስለዚህ አባቶቹ ለሁዳዴ ሕግ አወጡ። የዘጠኝ ሰዓቱ ደወል ሳይደወል የሚጾም ልጅ ፊት ማንም አይበላም። የታመመ ካለ በሩን ዘግቶ ይብላ አሉ።»

ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ ገበሬ ጋቢውን እንደተከናነበ ያዳምጣል። «ጸረ ማርያሞቹ ናቸው እንዲህ ያሉት?» አለ። «ሸጋ ሕግ ነው፤ ከነሱ አልጠበቅሁም። እርስዎስ ኮተለኩ እንዴ?»

«እኔ ከእናቴ ሆድ ጀምሮ ነኝ፤ መኮትለክ አላስፈለገኝም።»

ክፍሉ ሳቀ። ገበሬውም ሳቀ፤ ግን ከዚያ በኋላ ቀን ከሌት «ካቶሊኩ» እያለ ይጠራቸው ነበር።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ከየቤቱ የሚመጣው ምግብ ጠዋት ይገባል፤ ሁላችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እናስቀምጠዋለን። ሽማግሌው ግን ስኳር ነበረባቸው፤ ኪኒናቸውን ጠዋት ውጠው ሳይቆዩ መብላት አለባቸው። ፀሐይ እንድንሞቅ ሲያስወጡን እሳቸው ወደኋላ ይቀሩና ብቻቸውን ይበላሉ። ለምን እንደሚቀሩ የገባኝ ሕጉን ከነገሩኝ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ሳያስወጡን ቀሩ። ምክንያቱን የነገረን የለም። ሽማግሌው ኪኒናቸውን ውጠዋል፤ ልጃቸው የላከችላቸው ዳቦ በፌስታል ጉልበታቸው ላይ አለ። ረፋዱ ላይ ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው።

«ይብሉ እንጂ» አልኳቸው።

«እነዚህ ሁሉ እየጾሙ?»

በሩን ደበደብን፤ ዘብ አልመጣም። ጥቂት ቆይቼ ደግሜ ለመንኳቸው። ዓይናቸው ፈዝዞ ነበር። «ደወሉ አልተደወለም» አሉኝ።

«ምነው፣ ምን ሆኑ?» አለኝ ገበሬው።

«ስኳራቸው ወርዷል። አሁን ካልበሉ ይሞታሉ።»

ገበሬው ተነሣ፤ ጋቢውን ከትከሻው አወረደና በሁለት እጁ ዘርግቶ በሳቸውና በኛ መካከል ቆመ። ጀርባውን ለሳቸው ሰጥቷል፤ እሱም አያያቸውም።

«በሩ ተዘግቷል የኔታ» አለ። «ይብሉ።»

ማንም ሳያዘን ፊታችንን ወደ በሩ አዞርን። ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ሰማን። ቀስ ብሎም የማኘክ ድምፅ መጣ። የገበሬው ክንድ ሲዝል አንዱን ጫፍ ተቀበልኩት።

ሽማግሌው ከኔ ቀድመው ተፈቱ። ገበሬውን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት፤ እስከዛሬ ወሬውን አልሰማሁም።

አሁን የትምህርት ቤቱን ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ስለ ሕጉ የቀድሞ ተማሪዎችን ጠይቄያለሁ። ሁለቱ እውነት ነው አሉኝ። ሦስተኛው «በሩስ ይዘጋ ነበር፤ የወጡ ሽታ ነው ያስቸገረን» አለኝ። ሁሉንም እንዳሉት አስፍሬዋለሁ። ለጋቢው ግን ሌላ ምንጭ አልፈለግሁም፤ አንዱን ጫፍ ይዤ ነበር።