ምሳ ዕቃዎቹ ሳይነኩ የተመለሱበት ቀን

የያዙኝ ሩዋንዳ ሰፈር ነው፤ ከአስተማሪዎች ስብሰባ ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ። ሲቪል የለበሱት ሁለት ፖሊሶች ጨዋዎች ነበሩ። አንደኛው እንዲያውም ቦርሳዬን ተቀብሎ ያዘልኝ። ቦርሳዬን ዳግም አላየሁትም፤ ጨዋነቱን ግን አልረሳሁትም።

ያስገቡኝ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ በማይርቅ ጣቢያ የሴቶች ክፍል ውስጥ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። በረኪና በረኪና ይሸታል። አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ የክፍሉ ሰዎች ግን ለምደውት ቀና ብለው እንኳ አያዩም። የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም የእስረኞቹ አለቃ፣ በኮንትሮባንድ የተያዙ ወሎዬ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ምንጣፋቸውን ሰብሰብ አድርገው አጠገባቸው ቦታ ሰጡኝ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «እዚህ ብቻዋን የምትበላም የምታለቅስም የለችም።»

ጥግ ላይ አንዲት ሴት ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ደፍና ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ናት አሉኝ፤ አትላስ አካባቢ መንገድ ላይ ስትጮኽ ነው ያመጧት። ድንገት ትነሣና ግድግዳውን እያየች «ዝም በሉ! በቃችሁ!» ትላለች። ካቦዋ ጂኒ ነው አሉ። አንዷ ልጅ ጠበል ያስፈልጋታል አለች። እኔም የተማርኩት ሴት አላነስኩም፤ «አረቄው ሲወጣላት ነው፣ በሁለት ቀን ይተዋታል» ብዬ ፈረድኩ። ሁላችንም ስተናል። በሦስተኛው ቀን ተረኛው ፖሊስ በሩን ከፍቶ፣ ዳግመኛ ከጮኸች ጨለማ ቤት እንደምትገባ ነግሮን ሄደ።

ያን ዕለት ጠዋት ትንሽ ረጋ ስትል አጠገቤ መጣች።

«መምህርት ነሽ አሉ።»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ሰክሬ አይደለም። አረቄ አፌ ከገባ ወራት አልፎታል።» ንግግሯ ቀጥ ያለ ነበር። «የጭንቅላት ሕመም አለብኝ። የሌሉ ሰዎች ሲሰድቡኝ ይሰማኛል። ድሮ የምጠጣው እነሱን ዝም ለማሰኘት ነበር። መጠጡን ለመተው ሐኪም ቤት ስተኛ ነው ያኛውን ሕመም ያገኙብኝ። ኪኒን ሰጡኝ። ኪኒኑን ስውጥ ድምፁም ጠፋ፣ አረቄውም ተወኝ።»

«ኪኒኑስ የት አለ?»

«በር ላይ ቀሙኝ። እህቴ ሌላ ብታመጣ አደንዛዥ ዕፅ ነው ብለው መለሷት።» ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጨለማ ቤቱን አይደለም የምፈራው። እንዲህ እንዳለሁ ቢለቁኝ በቀጥታ የምሄደው አረቄ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ አልመለስም።»

ለካቦዋ ነገርኳቸው። «ወይኔ፣ እኛ ደግሞ ጂኒ እንላለን!» አሉና ግንባራቸውን መቱ። ተረኛውን ለመኑ፣ ሴቷን ፖሊስ ለመኑ። መልሱ አንድ ነው፤ ኪኒን አይገባም።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቤተሰብ በር ላይ ይሰለፋል። እናቴ ያመጣችውን ፖሊሶቹ ፊት ትቀምሳለች፣ ምሳ ዕቃው ይገባል፣ እኛ እንበላለን፣ ባዶው ታጥቦ ይወጣል። እናቶች ክዳኑን ከፍተው ያያሉ። ባዶ ከሆነ ልጃቸው ደኅና ነች። ሳይነካ ከተመለሰ ግን ታማለች፣ ተወስዳለች፣ ወይም ከዚያ የባሰ ነው። በዚያ በር ከዚህ ሌላ የሚወጣ ወሬ አልነበረም።

«ዛሬ ምሳው ይመለስ» አሉ ካቦዋ። «የሁላችንም።»

«እትዬ፣ እናቴ ደም ግፊት አለባት» አልኳቸው።

«የእኔም ልጆች በር ላይ ናቸው። ካልሆነልሽ ብዪ፣ አልቀየምሽም።»

የእናቴን ምሳ ዕቃ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ቆየሁ። ድንች ወጥ ነበር፤ ቃሪያውን እኔ እንደምወደው አድርጋ ሰንጥቃዋለች። ልብስ ሰፊዋ «ኧረ ለእኔ ብላችሁ አትራቡ» አለች። ካቦዋ ተቆጧት፤ «አንቺ ዝም በይና ክዳኖቹን ግጠሚ!» እኔም የእናቴን አቀበልኳት።

ዕቃዎቹ ወጡ። ጥቂት ቆይቶ የአንዲት ሴት ጩኸት ግቢውን ሞላው።

«ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ? አምጡና አሳዩኝ!»

እናቴ ነበረች። ቤት ውስጥ እንኳ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት። ኮራሁባት። ሌሎቹም ተከተሏት፤ በሩን በምሳ ዕቃዎቹ ይደበድቡት ጀመር።

የጣቢያው አዛዥ ላቡ እየወረደ ክፍላችን ድረስ መጣ። «ምንድነው የምትፈልጉት?»

«የዚችን ልጅ መድኃኒት» አሉ ካቦዋ። «ሌላ ምንም።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ አይደል የቀሰቀስሻቸው? ፖለቲካ ነው ይሄ?»

«አይደለም ጌታዬ፣ ኪኒን ነው።»

የበሩን ድብደባ ሰምቶ ወደ ውጭ አየ። ከዚያ ሴቷን ፖሊስ ጠራት። የተቀማችው የመድኃኒት ፖስታ መጣ። እኔን ደግሞ በር ድረስ አውጥተው ለእናቴ አሳዩኝ። እጄን ብቻ አወዛወዝኩላት፤ ነጠላዋ መሬት ላይ ወድቆ ነበር።

ድምፁ በአንድ ቀን አልጠፋላትም። እየቆየ ግን እጆቿ ከጆሮዎቿ ወረዱ። ዕቃዎቹ በተመለሱ ማግስት ምሳ ከተበላ በኋላ የሁላችንንም ዕቃ ሰብስባ ቧንቧው ሥር ተቀመጠች፤ ማንንም አላስጠጋችም። በአመድ ፈትጋ፣ አድርቃ፣ ክዳኑን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ ላከችው።

ስፈታ እናቴ ስለዚያ ቀን ብዙ ተቆጣችኝ፤ ልትገድይኝ ነበር አለችኝ። ምክንያቱን ነገርኳት። ከዚያ «ኪኒኑን ዋጠች?» ብላ ጠየቀችኝ። ውጣለች አልኳት። «እንግዲያው ይሁን። ድንቹን ግን ጎረቤት በላው» አለች።

ዛሬ እናቴ የለችም። ልብስ ሰፊዋ ገርጂ ሱቅ አላት፤ ቀሚሶቼን የማሰፋው እሷ ጋ ነው። መጠጥ አትቀምስም። ባለፈው ሰሞን ቁጭ ብዬ ሳወራት ሰዓቷ ደረሰና ደንበኛ ፊት ሳትደበቅ ኪኒኗን በውኃ ዋጠች። አንዲት ወጣት ደንበኛ «ምን አመመሽ?» አለቻት።

«የጭንቅላት መድኃኒት ነው» አለች፣ በመርፌዋ ወደ እኔ እያሳየች። «የዚች እናት ናት ጮኻ ያስገባችልኝ።»